የብስኩት ጣሳው ዲስክ

«ስምንት ዓመቴን መልሺልኝ።»

አዴ ዘሃራ ናት ይህን ያለችኝ፤ ጠረጴዛዬ ፊት ቆማ፣ ድምፅዋን ሳታነሣ። የግንቦት ረፋድ ነበር። ከሽመና ክፍል ቀጥታ ስለመጣች ቅንድቧ ላይ የቃጫ ብናኝ ነበረባት። የያዘችውን የጡረታ ደብዳቤ ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግታ በጣቷ ጫነችው። «እኔ አርባ ስምንት ዓመቴ ነው። ይሄ ወረቀት ሃምሳ ስድስት ይላል። ስምንቱን ዓመት ዋላሂ አልኖርኩትም። ዝርዝሩን ያወጣሽው አንቺ ነሽ አሉኝ። መልሺልኝ።»

«እኔ አይደለሁም፣ ማሽኑ ነው» አልኳት። በሕይወቴ ብዙ የማይሆን ነገር ተናግሬአለሁ፤ የማፍርበት ግን ይሄኛው ነው።

የሥራ ዘመን ትዝታ የሚጽፉት አብዛኛውን ጊዜ ጸጉራቸው የሸበተ ሰዎች ናቸው። እኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ግን ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ የጆንያ ፋብሪካ ውስጥ ሠርቼ ወጥቻለሁ፤ አሁን እዚሁ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ አንድ ፎቶ ቤት ውስጥ ፎቶ አጣቢ ነኝ። በቀዩ መብራት ሥር ባዶ ወረቀት መድኃኒቱ ውስጥ እነክራለሁ። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ ቅንድብ ይመጣል፣ ከዚያ አፍ፣ ከዚያ ሰውየው ከፈሳሹ ሥር ሆኖ ያየኛል። ያን ጊዜ ነው ፋብሪካው የሚመጣብኝ። ስለዚህ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ፋብሪካው የገባሁት ማትሪክ ነጥብ ሳይመጣልኝ ሲቀር፣ ታይፕ ተምሬ ነው። መዝገብ ቤት ጸሐፊ ተብዬ ተቀጠርኩ። ደመወዙ ለእናቴ ቤት ኪራይና ለእኔ ጫማ ይበቃ ነበር፤ ከዚህ በላይ ስለ እሱ የምለው የለኝም።

የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ጋሽ ተካ ነበሩ። ድሬ አንቱ አታውቅም፤ ትልቋን ሴት አዴ ብለን አንቺ፣ ሽማግሌውንም አለቃውንም አንተ እያልን ነው ያደግነው። ጋሽ ተካን ግን ገና በመጀመሪያው ቀን አንቱ አልኳቸው። አፌ ራሱ ነው ያለው። ቀጭን፣ ረጅም ሰው ናቸው፤ በወጣትነታቸው ባቡር ጣቢያ ቴሌግራፍ ይመቱ ነበር። ከዚያ ሁለት ልማድ ይዘው መጥተዋል። አንደኛው የተነገራቸውን መልሰው መናገር ነው። «ጋሽ ተካ፣ ሻይ ላምጣልዎ?» ካልኳቸው፣ «ሻይ ልታመጪልኝ ነው» ይላሉ፤ እሺ የሚሉት ከዚያ በኋላ ነው። እኔም እንደዚያው እንዳደርግ ግድ አሉኝ። ቁጥር ሲነግሩኝ መልሼ ካልነገርኳቸው እንዳልሰማሁ ይቆጥሩታል።

ሁለተኛው የከፋ ነበር። ማንኛውም የስም ዝርዝር ከክፍላችን ከመውጣቱ በፊት ጮክ ብለው ያነቡታል። በየስሙ ላይ ቆም ብለው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ፊቱን አየሽው?» ይላሉ። ፊቱ ካልመጣልኝ ዝርዝሩ አይወጣም። ተነሥቼ በዚያ ሙቀት ሽመና ክፍል ወይም ማቅለሚያው ድረስ ሄጄ፣ ሰውየውን አይቼ እመለሳለሁ። አንድ ቀን ሰልችቶኝ ይሄ ምን ይጠቅማል አልኳቸው። «ለማላውቀው ሰው ስንት መርዶ መታሁ መሰለሽ» አሉ። «ጣቴ ሥራውን ሲጨርስ እኔ ምሳዬን እያሰብኩ ነበር።»

ትልቁ ጥበባቸው ግን የዕድሜ ነገር ነው። ከሠራተኛው ግማሹ የተወለደበትን ዓመት አያውቅም። አንዱ በድርቅ ይቆጥራል፣ አንዱ በአንበጣ፣ አንዱ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ በወሰደው ግንብ። በካርዱ ላይ «በግምት» የሚል ቃል ካዩ ጋሽ ተካ እንቅልፍ የላቸውም። አዴ ዘሃራን ሲጠይቋት አጠገባቸው ነበርኩ። እናቷ እሷን የወለደችው መጋላ ሰፈር ጎርፍ በገባበት ዓመት ነው፤ አራስ ልጇን ታቅፋ ጎረቤት ጣሪያ ላይ አደረች። ጋሽ ተካ የማን ጣሪያ እንደሆነ ጠየቁ። ነገረቻቸው። ቅዳሜ ከሰዓት መጋላ ሄደው የባለ ጣሪያውን ልጅ ፈልገው አገኙት፤ ሌላም ሁለት ሰው ጠየቁ። ሰኞ ዕለት እርሳሳቸውን በምላጭ ቀርጸው ካርዱ ላይ ሠላሳ ዓመተ ምሕረት ብለው ጻፉ። በቀለም የጻፉበት ከዓመት በኋላ ነው፤ የሚያስተባብል ሰው እስኪጠፋ ጠብቀው። ወሩን ግን ባዶ ተዉት። ወሩን የሚያውቅ አልተገኘማ።

እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም። የአስተዳደር ኃላፊያችን ጓድ ዳምጠው ነበር። በአንድ የውይይት ክበብ ላይ ስለ ንቃት ረጅም ንግግር ሲያደርግ እጄን አውጥቼ፣ ባለፈው ሳምንት ይኸው ወንበር ላይ አፉን ከፍቶ ሲያንኮራፋ ማየቴን ተናገርኩ። ሰው ሳቀ። በማግስቱ መልካ ጀብዱ ወዳለው የቃጫ መጋዘናችን ተዛወርኩ።

መልካ ጀብዱ ስድስት ወር የቃጫ እስር ቆጠርኩ። ጠዋት ግመሎች ያልፋሉ፣ ከሰዓት ነፋስ ያልፋል፤ ከዚያ ሌላ የሚያልፍ የለም። ጓደኛዬ የመጋዘኑ ዘበኛ ዱባለ ነበር። ሃምሳ ሊሞላው አንድ ሁለት ዓመት የቀረው፣ የዓለም ምኞቱ ከመጋዘኑ ጀርባ ያለችው የፓፓያ ማሳው የሆነ ሰው። ጡረታ የሚወጣበትን ቀን እንደ ሠርግ ነበር የሚጠብቀው። ፓፓያ እየቆረሰልኝ፣ «አቦ፣ አንቺ ልጅ፣ መዝገብ ቤት ስትመለሺ ለዕድሜዬ ትንሽ ጨምሪበት» ይለኝ ነበር። እስቅ ነበር።

የመለሰኝ ኮምፒውተሩ ነው። ዋናው መሥሪያ ቤት አንድ ማሽን ላከ፤ በፍጥነት የሚመታ ሰው ሲፈለግ ከእኔ ሌላ ጠፋ። ጓድ ዳምጠው እያቃረው አስመለሰኝ።

ያ ክፍል እስካሁን በሕልሜ ይመጣል። ለማሽኑ ሲባል መስኮቱ ላይ ከራሳችን ፋብሪካ የወጣ ጆንያ ሰቅለን በየሰዓቱ ውኃ እንረጨው ነበር። ብርሃኑ በጆንያው ቀዳዳ ተጣርቶ፣ እርጥብ ሆኖ ይገባል። ቀትር ላይ ድሬ ስትዘጋ፣ ሱቁ መዝጊያውን ሲያወርድ፣ ጋሪ ሳቢው ፈረስ ሳይቀር ቆሞ ሲተኛ፣ እኛ ሁለታችን እዚያ እንቀር ነበር። ጋሽ ተካ ካርድ ያነባሉ፣ እኔ መልሼ እናገርና እመታለሁ። ጥቁሩ መስታወት ላይ አረንጓዴ ፊደል አንድ በአንድ ይበራል። አንዳንዴ የነቃሁ ይሁን የተኛሁ አላውቀውም፤ ስሞቹ ብቻ ይፈሳሉ። የዘጠኝ መቶ ሰው ካርድ እንዲህ ገባ።

ማሽኑ በራሱ ምንም አያውቅም። በየጠዋቱ ሲስተሙ ያለበትን ዲስክ በግራ በኩል ባለው በር ታጎርሺዋለሽ፤ ያን ጊዜ ይነቃል። ያ የመጀመሪያው ሲስተም ጨዋ ነበር። ቀኑን አይጠይቅም፣ ሰዓቱን አይጠይቅም። የዕድሜ ዝርዝር ስናወጣ ብቻ በየትኛው ዓመት ልቁጠር ይላል፤ ሰባ ስምንት እንለዋለን፤ ይቆጥራል። የልደቱም ዓመት የእኛ፣ የዛሬውም ዓመት የእኛ። የዲስኩን አያያዝ ያስተማሩኝ ጋሽ ተካ ናቸው፤ ራሳቸው ከመመሪያው እየተማሩ። በጫፉ መያዝ፤ የሚያብረቀርቀውን መስኮቱን በጣት አለመንካት፤ ወረቀቱ ላይ መጀመሪያ ጽፎ ከዚያ መለጠፍ፤ ዲስኩ ላይ በእስክርቢቶ አለመጫን። አሁን ነጋቲቭ ስይዝ እጄ የሚያደርገው ያንኑ ነው።

ሚያዝያ ላይ ከአዲስ አበባ ሰለሞን የሚባል ባለሙያ አዲስ ሲስተም ይዞ መጣ። ልጁ መጥፎ አልነበረም፤ ብርቱካን ይወዳል፣ ሙቀቱን ይራገማል። አዲሱ ሲስተም ገና ሲነቃ የዛሬን ቀን ጠየቀ። ሰባ ስምንት ብዬ መታሁ። አልቀበልም አለ። ደግሜ መታሁ። አልቀበልም። ሰለሞን ሳቀና፣ ይሄ ከሰማንያ በታች ያለ ዓመት አያውቅም፣ የፈረንጁን ስጪው አለኝ። ሰማንያ ስድስት ብዬ ሰጠሁት። ተቀበለ። ከዚያ ሰለሞን የእያንዳንዱን ሰው ዕድሜ ማንንም ሳይጠይቅ በራሱ የሚያሰላ አዲስ ነገር ጻፈለት፤ ዲስኮቻችንን ሁሉ ወደ አዲሱ ገለበጠ። ጓድ ዳምጠው የተሳካ እድገት ብሎ ለዋናው መሥሪያ ቤት ሪፖርት ላከ።

ሰለሞን እንደሄደ መከራው ጀመረ። በየጠዋቱ ቀን፣ በየጠዋቱ ሰዓት፤ እሱንም በፈረንጅ። የለመድነውን የፋይል ስም አይቀበልም። ሙቀቱ ሲበረታ ማተሙን በመሃል ያቋርጥና ዝም ይላል፤ አጥፍቶ እንደገና ማስነሳት ነው፣ እንደገና ቀኑ ስንት ነው ይላል። ሁለት ጊዜ ጠረጴዛውን በቡጢ መታሁ። ጋሽ ተካ ግን አሮጌውን ሲስተምና የካርዶቹን ቅጂ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው ብስኩት ጣሳ ውስጥ ሲከቱ፣ ጣሳውንም በእርጥብ ጆንያ ሸፍነው መደርደሪያው ሥር ሲያስቀምጡት አየሁ። አሮጌ ነገር መጣል አይሆንላቸውም ብዬ ናቅኳቸው።

በግንቦት መጀመሪያ ጋሽ ተካን ወባ ጣላቸው። በዚያው ሳምንት ጓድ ዳምጠው መጥቶ ሃምሳ አምስት የሞላቸውን ዝርዝር፣ ለጡረታ፣ አሁኑኑ አለኝ። ማሽኑን አዘዝኩት። ማተሚያው ቀትር ላይ ሳያቋርጥ አንድ ጊዜ ብቻ ሠራልኝ። በመጨረሻ ስላልተንገላታሁ ደስ ብሎኝ፣ ወረቀቱ እየተግተለተለ ሲወጣ ዝም ብዬ አየሁት። አርባ አንድ ስም። ረጅም ነው ብያለሁ በሆዴ። ጓድ ዳምጠው ከማሽኑ ላይ ቀደደውና ይዞት ሄደ። የእሱ ጸሐፊ ደብዳቤዎቹን ሞላች፣ እሱ ፈረመ።

አላነበብኩትም። የአንዱንም ፊት አላየሁም።

ደብዳቤው በደረሰ ቀን ዱባለ ከመልካ ጀብዱ በጭነት መኪና መጥቶ ሁለት ፓፓያ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። «ቃልሽን ጠበቅሽ» አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም፤ እጄን ስሞ ሄደ። ቀጥላ አዴ ዘሃራ መጣች።

ማሽኑ ነው ስላት ደብዳቤዋን አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። ሃያ ሁለት ዓመት አንድ የሽመና መኪና ላይ፣ አሥራ አራት ቁጥር ላይ ነው የሠራችው። ድምፁን ሰምታ ክሩ ሊበጠስ ሲል ታውቅ ነበር። እስከ ወሩ መጨረሻ እንድታስረክብ ታዟል። ወጥታ ስትሄድ ግቢው መሃል ቆማ ወደ ሽመናው ክፍል ጆሮዋን እንደ ሰጠች በጆንያው ቀዳዳ አየኋት። ረጅም ጊዜ ቆመች።

በሦስተኛው ቀን ጋሽ ተካ ተመለሱ፤ ሸሚዛቸው ውስጥ ጠፍተው። ወንበራቸው ላይ ያለውን ፖስታ ሳይከፍቱ ወደ ጎን አደረጉት። የዝርዝሩን ቅጂ ስጪኝ አሉ። ቀትር ነበር፤ ከተማው ተኝቷል። እንደ ልማዳቸው ያነቡ ጀመር፤ እኔ እመልሳለሁ። ዘሃራ አህመድ። ዘሃራ አህመድ። ፊቷ መጣልኝ፤ ጥርሷ ሙሉ የሆነ፣ ጸጉሯ ጥቁር የሆነ ሴት። ዱባለ ወልዴ። ዱባለ ወልዴ። ጉልበታም ሰው፣ ፓፓያ በቡጢ የሚሰነጥቅ። እያንዳንዱ ስም ላይ ያልሸበተ ሰው ከውኃ ውስጥ እንደሚወጣ ሆኖ ይመጣል። ሠላሳ አንደኛው ላይ ደርሰው በዚያው ድምፅ አነበቡ፦ «ተካ ወልደየስ።»

መልሱን ይጠብቃሉ። አፌ እንቢ አለኝ።

«መልሺ እንጂ» አሉ በቀስታ።

«ተካ ወልደየስ» አልኩ።

«ፊቱን አየሽው?»

ሃምሳ ሦስት ዓመታቸው ነበር። ማሽኑ ስልሳ አንድ ብሎአቸዋል። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ የዛሬው ዓመት የፈረንጅ፣ የልደቱ ዓመት የእኛ። አንዱን ከአንዱ ሲቀንስ ፋብሪካው በሙሉ በአንድ ቀትር ስምንት ዓመት አረጀ። በየጠዋቱ ሰማንያ ስድስት ብዬ የመታሁት በገዛ ጣቴ ነው።

አዲስ አበባ ስልክ አስደወልኩ። ሰለሞን ሲስተሙ ትክክል ነው፣ ካርዶቻችሁን ወደ ፈረንጅ ቀይሩ አለኝ። ለጋሽ ተካ ነገርኳቸው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ የተወለደ ሰባት ዓመት ነው የሚጨመርለት፣ ከዚያ ወዲያ የተወለደ ስምንት፤ አሉኝ። «ወሩን የማያውቀውን ሰው ስንት ልትጨምሪለት ነው?» ቀና ብለው የብስኩት ጣሳውን አዩ።

ጓድ ዳምጠው አልፈቀደም። አሮጌውን ሲስተም እንመልስ ስንለው እንደ ነከስነው ሆነ። እድገት ብሎ ሪፖርት አድርጎ፣ አሁን እንዴት ብሎ ተመለስን ይበል? «ወደ ኋላ መመለስ የአድኃሪ ጠባይ ነው» አለ። እኔም፣ መንገድ የሳተ ሰው ወደ ፊት ቢሮጥ ይብስ ይርቃል እንጂ አይደርስም አልኩት። መልካ ጀብዱ ትዝ ይበልሽ አለኝ።

በሚቀጥለው ቀትር ፋብሪካው ሲተኛ በሩን ከውስጥ ዘጋን። ጋሽ ተካ ጣሳውን በሁለት እጃቸው አወጡት። ዲስኩ በዚያ የግንቦት ሙቀት ተጣሞ ቢሆንስ ብዬ ትንፋሼን ይዤ ነበር። በጫፉ ይዤ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋሁት፤ ልሙጥ ነው፤ ጣሳውም ቀዝቃዛ ነበር። አጎረስኩት። ማሽኑ አጉረመረመ፤ ረጅም ጊዜ አጉረመረመ፤ ከዚያ ያቺ የድሮዋ አረንጓዴ ነጥብ ጥግ ላይ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች። ቀን አልጠየቀችም። ምንም አልጠየቀችም። ዝም ብላ ትጠብቀናለች። ጋሽ ተካ ሳቁ፤ ሲስቁ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

አሮጌው ሲስተም አዲሱ የጻፈውን ዲስክ ማንበብ አይችልም። ያለን ጣሳው ውስጥ የነበረው ቅጂ ብቻ ነው፤ ከሚያዝያ ወዲህ የተቀጠረውን፣ የተዛወረውን፣ የሞተውን ሁሉ እንደገና ከካርዱ ማስገባት ነበረብን። አራት ቀትር ፈጀብን። ጆንያው ይንጠባጠባል፣ ከሩቅ ከመጋላ በኩል አዛን ይሰማል፣ እሳቸው ያነባሉ፣ እኔ እመልሳለሁ። እንዲያውም እንዳያልቅ ተመኝቼ ነበር። በአራተኛው ቀን በየትኛው ዓመት ልቁጠር አለ። ሰባ ስምንት አልነው። ስድስት ስም አወጣ። ስድስቱንም አነበብን፤ ስድስቱም የእውነት ሽማግሌዎች ነበሩ።

ዝርዝሩን ይዤ ጓድ ዳምጠው ቢሮ ገባሁ። አየው። ልዩነቱ ሲገባው ላብ አጠመቀው፤ ሞኝ ሰው አልነበረም። ደብዳቤዎቹ ቁጥር ወጥቶላቸው ዋናው መሥሪያ ቤት ደርሰዋል። ሲስተሙ ተበላሸ ማለት አይችልም፤ ተሳካ ብሏል። «ለመሻር የአንድ ሰው ስህተት መሆን አለበት» አለኝ። «ስም ይፈልጋሉ። የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ይጻፍ።»

«እሱ ታሞ ተኝቶ ነበር» አልኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ ጋሽ ተካን እሱ አልኳቸው፤ በሌሉበት።

ወደ ክፍሌ ተመልሼ በድሮው ታይፕ መታሁት። የዛሬውን ዓመት ማሽኑ ውስጥ ያስገባሁት እኔ መሆኔን፣ ዝርዝሩ ሳይነበብ እንዲወጣ ያደረግሁት እኔ መሆኔን፣ ሠላሳ አምስቱ ሰዎች ዕድሜያቸው ያልደረሰ መሆኑን ጻፍኩ፤ ፈረምኩ። ጓድ ዳምጠው አንብቦ፣ ይሄን ከሰጠሽኝ እዚህ ፋብሪካ አትቆዪም አለኝ። አውቃለሁ አልኩት። በዚያው ቀን መሻሪያው ወጣ።

በማግስቱ አሥራ አራት ቁጥርን ለማየት ሽመና ክፍል ሄድኩ። አዴ ዘሃራ ጀርባዋን ሰጥታኝ ትሠራ ነበር። ጫጫታው ስለማያስወራ እጇን አንሥታ ክሩን አሳየችኝ፤ አልተበጠሰም።

የስንብት ወረቀቴ ሲመጣ ጋሽ ተካ የጻፍኩትን ደብዳቤ ቅጂ ከፋይሉ አውጥተው እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። እኔ አነበብኩ፣ እሳቸው ቃል በቃል መለሱ። የመጨረሻው መስመር ላይ ስሜ ነበር። አነበብኩት። መለሱት፤ ቆሙ፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ። የክፍሉን ቁልፍ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩ።

በሩ ላይ ዱባለ ቆሟል። ጡረታው ሲሻር ከመልካ ጀብዱ አንሥተው ዋናው በር ላይ መድበውታል፤ ፓፓያው እዚያ፣ እሱ እዚህ። ቦርሳዬን ከፈተ፣ ፈተሸ፣ ዘጋ።

«ስምንቱን ዓመት መልሰሽ ጫንሽብኝ አይደል» አለ።

«አዎ» አልኩት።

መቀርቀሪያውን ሳበ። ወጣሁ።